ትኩረትሽ የት እንደ ሄደ

እህቴ፣ «ስናደድ ወይም ሳዝን አንድ ገጽ እንኳን አንብቤ መጨረስ ያቅተኛል፤ ችግሩ ከትኩረቴ ነው ወይስ ከስሜት አያያዜ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከደረሰብኝ ተነሥቼ ልንገርሽ፤ እኔን ያሠቃየኝ የስሜት አያያዜ ነበር፤ ትኩረቴንም የበላው እሱ ነው።

ደብረ ማርቆስ በሒሳብ ሠራተኛነት ስሠራ አባቴ ሞተ፤ ከወንድሞቼም ጋር በውርስ መሬት ተቀያየምን። «ሆድ ይፍጀው» ብዬ ዝም አልኩ። ቀን ለሰው እስቃለሁ፣ ሌሊት የተባባልነውን አንድ በአንድ እያነሣሁ አብሰለስላለሁ። በሁለተኛው ወር አንድን የደመወዝ መዝገብ ሦስት ጊዜ ደምሬ ሦስት የተለያየ ድምር አገኘሁ። አእምሮዬ የተነካ መስሎኝ ፈራሁ።

ስሜትን አፍኖ መያዝ ራሱ ሥራ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፊትሽን ትጠብቂያለሽ፣ ቃልሽን ትውጫለሽ፤ ለመዝገቡ የሚተርፍ ትኩረት የለም። ማብሰልሰሉም መፍትሔ ፍለጋ ይመስለኝ ነበር፤ ግን «ለምን እንዲህ አሉኝ?» ከሚለው ፈቀቅ አላልኩም።

«አታስቢው» የሚሉሽን አትስሚ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጥናት ሰዎች ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ፣ ካሰቡም ደወል እንዲመቱ አዘዙ። ደወሉ ዝም አላለም። በኋላ ማሰብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ከመጀመሪያው ካልተከለከሉት ይልቅ አብዝተው አሰቡት።

እኔን የረዳኝ የእናቴ እንዝርት ነው። ለጋቢ ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጬ ባዘቶ አነሣሁ። ልቤ ወደ ወንድሞቼ ሲሄድ ክሩ ወይ ይወፍራል ወይ ይበጠሳል። እናቴ «ቀጥዪው» ከማለት በቀር ምንም አትልም። ትኩረቴ መቼ እንደ ሄደ ክሩ ይነግረኝ ጀመር። ሐዘኔን አልሸሸሁም፤ እያለቀስኩ የፈተልኩበት ቀን ብዙ ነው። ከዚያ በፊት እስከ እኩለ ሌሊት ቴሌቪዥን ላይ እፈዝ ነበር፤ ሲጠፋ ግን ሐሳቡ እዚያው ይጠብቀኛል። የሆዴንም ኋላ በሽማግሌ ፊት ተናገርኩት። መሬቱ ገና ነው፤ ድምሬ ግን ተስተካከለ።

አንቺም መስመሩ ሲጠፋብሽ ራስሽን አትውቀሺ። «ቂም ነው»፣ «ፍርሃት ነው» ብለሽ በስሙ ጥሪውና ወደ መስመሩ ተመለሺ፤ በቀን ሃያ ጊዜም ቢሆን። ነገሩ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለሽ ግን ብቻሽን አትያዢው፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።