ተዘግቶ ለሚከርም ቤት ምን ዓይነት ወለል ይሻላል?

ውጭ አገር እየኖራችሁ አዲስ አበባ ዳር፣ በለገጣፎ፣ በአያት፣ በሱሉልታ፣ በሰበታ ወይም በቱሉ ዲምቱ በኩል ቤት የምታሠሩ ወገኖች ስለ ወለል ስትጠይቁኝ ጥያቄው ሁሌም ስለ መልኩ ነው። ጠቆር ያለ ፓርኬ ይሻላል ወይስ ነጣ ያለ? ምንጣፉ ወፍራም ይሁን ወይስ ስስ? እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። እናንተ በሌላችሁበት ቤቱ ውስጥ ማን አለ? መስኮት የሚከፍተው ማነው? ወለሉን የሚወለውለውስ ማነው፣ በምን?

ሜሪላንድ ወይም ፍራንክፈርት ያለው ቤታችሁ ወለሉ የሚያረጀው ሰው ስለሚመላለስበት ነው። እዚህ ዳር ከተማ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ሰው ስለማይኖርበት ነው። ምርጫችሁ ከዚህ ይነሣ።

በአየሩ እንጀምር። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው። እንጨት የአየሩን እርጥበት ይጠጣና ያብጣል። ጥቅምት ገብቶ ደረቁ ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ይኮማተራል። ጥርና የካቲት ላይ በፓርኬው መሃል ስስ ክፍተት ብታዩ አናጢውን ለመጣላት አትቸኩሉ። ክረምት ሲመጣ መልሶ ይጠባል። ክፍተቱን በሙጫና በሰጋቱራ ልሙላላችሁ የሚል ሰው ከመጣ እምቢ በሉት። እንጨቱ በክረምት ሲያብጥ መሄጃ ያጣል። ይልቅ ሲነጠፍ ከግድግዳው 10 ሚሊሜትር ያህል መራቁን ተከታተሉ። ያን ክፍተት ዞኮሎ (በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚመታው ጠባብ ጣውላ) ይሸፍነዋል። ዞኮሎው የሚመታው ግን ግድግዳው ላይ ነው፣ ወለሉ ላይ አይደለም።

አሁን ደግሞ የእናንተው ጥፋት። ብዙዎቻችሁ የምትመጡት ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ወለሉ አልቆ ማየት ትፈልጋላችሁ። ኮንትራክተሩም ቀሪ ክፍያውን ይፈልጋል። ሁለታችሁም ስትጣደፉ ኮንክሪቱ ገና እርጥብ ነው። ለኮንክሪት የሚቆጠረው 28 ቀን የጥንካሬው ነው እንጂ የመድረቂያው አይደለም። የተለመደው ግምት ለያንዳንዱ 2.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል ነው። ባለ 10 ሴንቲሜትር ከሆነ አራት ወር ገደማ መሆኑ ነው። ክረምት ከገባበት ከዚያም ይረዝማል።

መሞከሪያው ቀላል ነው። 45 በ45 ሴንቲሜትር የሆነ ወፍራም ላስቲክ ይቆረጥ። ኮንክሪቱ ላይ ይነጠፍና አራቱም ጠርዝ በሚለጠፍ ፕላስተር ይታሸግ። ቢያንስ 16 ሰዓት ቆይቶ ይነሣ። ላስቲኩ ከሥሩ ካላበው ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ ፓርኬ አታስነጥፉ። ለወንድማችሁ አደራ ብላችሁ ሂዱ፤ በጋ ላይ ያስነጥፈዋል። ሲነጠፍም እሽጎቹ ከመከፈታቸው በፊት እዚያው ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን ጋደም ብለው ይደሩ፤ የቤቱን አየር ይልመዱ።

በምሥራቅና በደቡብ በኩል ያላችሁ፣ አፈራችሁን እወቁ። ብዙው ቦታ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። አፈሩ ተቆርጦ ወጥቶ በሰሌክት ማቴሪያል (በማያብጥ ጠጠራማ አፈር) ካልተተካ የታችኛው ወለል ከነሴራሚኩ፣ ከነፓርኬው ይነሣል። ይሄን ሰምም ቫርኒሽም አያድነውም።

የኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፣ ከታች ሳሎኑና ኮሪደሩ ሴራሚክ ይሁን። በላዩ ተጠቅልሎ የሚነሣ ምንጣፍ ጣል አድርጉ። እንጨት ከወደዳችሁ ፎቅ ላይ፣ መኝታ ቤት ይግባ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሚለጠፍ ምንጣፍ ግን ለናንተ ቤት አይሆንም። አቧራው አይወጣም፣ ፀሐይ አይሰጣም፣ ውሃ ከነካው ከሥሩ ይሸታል። ሆቴል ያምርበት ይሆናል፤ ሆቴል በየቀኑ የሚያጸዳ ሰው አለው።

ስለ ጽዳት ካነሣን ትልቁ ጠላት በረኪና ነው። ቤቱን የምታጸዳው ልጅ የለመደችው ሊሾና ሴራሚክ ነው። ባልዲ ሙሉ ውሃ፣ ኦሞ፣ በረኪና፣ ከዚያ ጎርፍ። ማንም ሌላ ነገር አልነገራትም። በረኪና የፓርኬውን ቫርኒሽ ያደበዝዛል፣ የምንጣፉን ቀለም ይገፍፋል። የበግ ፀጉር ከሆነማ ክሩን ራሱን ይበላዋል። ኦሞውም በደንብ ካልታጠበ ምንጣፉ ላይ ይቀርና አቧራ ይስባል። ለእንጨት የሚበቃው በየቀኑ ለስላሳ መጥረጊያ፣ በሳምንት አንዴ ደግሞ በደንብ የተጨመቀ መወልወያ ነው። ወልውላ ስትጨርስ እርጥበቱ በደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ውሃው በዝቷል። አቼቶ በውሃ በጥብጣችሁ ወልውሉ የሚሉትንም ቪዲዮዎች ተዉዋቸው። አሲድ ነው፤ ቫርኒሹን ቀስ በቀስ ያፈዘዋል። ከውጭ ይዛችሁ የምትመጡትን በእንፋሎት የሚሠራ መወልወያም ለሴራሚኩ አድርጉት።

ሰም? የድሮ የዝግባ ወይም የቀረሮ ጣውላ ቫርኒሽ ካልተቀባ ሰም ያምርበታል። ላሚኔት (እንጨት የሚመስለው የፋብሪካ ወለል) ላይ ግን እንግዳ አዳልጦ ከመጣል በቀር ጥቅም የለውም።

የውሃውን ነገር ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ዳር ከተማ ውሃ በፈረቃ ነው። ለገጣፎ የማውቀው አንድ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ልጁ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ቧንቧ ከፈተ። ውሃ የለም። ሳይዘጋው ወጣ። የመታጠቢያው መውረጃ ላይ ጨርቅ ነበር። ሌሊት ሁሉም ተኝቶ ውሃው መጣ። ሞልቶ ፈሰሰ፣ በኮሪደሩ አድርጎ መኝታ ቤት ገባ። ሲነጋ ላሚኔቱ በየመገጣጠሚያው እንደ ራሰ ካርቶን አብጦ ነበር። ላሚኔት ውስጡ ተፈጭቶ የተጠፈጠፈ እንጨት ስለሆነ አንዴ ካበጠ አይመለስም፤ አይፋቅም። ነቅሎ መጣል ብቻ ነው። ሙሉ እንጨት ቢሆን ኖሮ ተስፋ ነበረው። ሙሉ እንጨት ከሥሩ ሲርስ ጠርዙ ይነሣና መሃሉ ይጎደጉዳል። ያኔ ወዲያው ማሽን ጠርቶ ማስፋቅ ስህተት ነው። መስኮት ከፍታችሁ፣ በቬንትሌተር እያናፈሳችሁ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ጠብቁት። ብዙው በራሱ ይመለሳል። ሳይደርቅ ከተፋቀ ግን በኋላ ሲደርቅ መሃሉ ጉብ ብሎ ይቀራል።

ስለዚህ ቤት ጠባቂው አንድ ልማድ ይያዝ። ማታ ሲተኛና ከቤት ሲወጣ ከሮቶው ወደ ቤት የሚገባውንም ከመንገድ የሚመጣውንም መስመር ይዝጋ። እናንተም ስትመጡ እንዲሁ። የውጭ አገር ቧንቧ ሁሌም ውሃ ስላለው እጃችሁ ይሄን አይለምደውም።

ወደ ቡናው እንምጣ። ቡና ሳይፈላበት የሚኖር ቤት የለም፣ ስለዚህ የቡና ጥግ አብጁ። ሴራሚክ ላይ ይሁን። ከሌለ ከሥሩ ሰፋ ያለ የብረት ትሪ አድርጉ፤ ከሰል ማንደጃው እግር ቢኖረውም ሙቀቱ ወደ ታች ይወርዳል። እርጥብ ቄጠማ በቀጥታ ፓርኬ ላይ አይጎዝጎዝ። ከሥሩ የፕላስቲክ ሰሌን ይነጠፍ፣ ማታውኑም ተጠራርጎ ይውጣ። በዓል ነው ተብሎ ሦስት ቀን የከረመ ቄጠማ እድፉን ትቶ ነው የሚሄደው። ፍም ከወደቀ የሰው ሠራሽ ክር ምንጣፍ ይቀልጣል፤ ቀዳዳው አይጠገንም። የበግ ፀጉር ግን ይከስላል እንጂ ቶሎ አይነድም። የከሰለውን ጫፍ በመቀስ ታነሡታላችሁ። ከመንዝና ከደብረ ብርሃን በኩል የሚመጣውን የበግ ፀጉር ስጋጃ የምመርጠው አንዱም በዚህ ነው። ሻጩ የሱፍ ነው ካላችሁ አንድ ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሱ። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል።

ቡና ሲደፋ አትሹት። መፈተግ ቡናውን ወደ ሥር ይነዳዋል። ነጭ ጨርቅ ደራርባችሁ ከዳር ወደ መሃል እየተጫናችሁ አስመጥጡት። ከዚያ በሁለት ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አንድ ማንኪያ አቼቶና አንድ ማንኪያ ላርጎ በጥብጡ። ጨርቁን እያራሳችሁ ንኩት፣ በንጹሕ ውሃ ድገሙት፣ በደረቅ ጨርቅ ጨርሱ። (አቼቶን ለእንጨቱ ከልክዬ ለምንጣፉ መፍቀዴ ነው፤ እዚህ የሚያፈዝዘው ቫርኒሽ የለም።) የወጥ ዘይት ከሆነ ውሃ ሳይነካው ቤኪንግ ሶዳ ነስንሱበት፣ ዘይቱን ይምጠጥ፣ ከዚያ ጠራርጋችሁ አንሡ። የአልጫ ቢጫ ከእርድ ነው። እርድ ደግሞ ፀሐይ አይችልም። ካጠባችሁ በኋላ ቢጫው ከቀረ ምንጣፉን ውጭ አስጡት፤ ከቀን ወደ ቀን ይፈዛል።

ፀሐዩ ግን ሌላም ፊት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው፣ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቀለም የሚያነጣው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አሁን ፋሽን የሆነው ግድግዳ ሙሉ መስታወት ሳሎን በመጋረጃ ካልተሸፈነ የምንጣፉ ግማሽ ይነጣል። በየስድስት ወሩ አዙሩት። ከሥሩ ያለው ፓርኬም ብርሃን ስለማያገኝ መልኩ ከሌላው ይለያል። ከሥሩ ጎማ ያለው ምንጣፍ ደግሞ ቫርኒሹ ላይ እድፍ ስለሚተው ፓርኬ ላይ አታንጥፉት።

አቧራ በበጋ፣ ጭቃ በክረምት። አስፋልት ያልደረሰው ሰፈር ያላችሁ ታውቁታላችሁ። የመንገድ አሸዋ ቫርኒሽን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። አንድ ሸካራ መርገጫ ከበር ውጭ፣ አንድ ለስላሳ ከበር ውስጥ አድርጉ። ጫማም በር ላይ ይቅር። ለእንግዳ ነጠላ ጫማ ደርድሩ፤ ማንም አይቀየምም።

የአቧራ መጥረጊያ ማሽን ከአሜሪካ ጭናችሁ አትምጡ። የእዚያው በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ እዚህ 220 ነው። በቀጥታ ከሰካችሁት ያኔውኑ ይቃጠላል፤ የሚችለው ትራንስፎርመር ደግሞ ራሱ ድንጋይ ያህላል። ከአውሮፓ ለምትመጡ ቮልቱ ይስማማል።

ምንጣፍ እጥበት ላይ ሁሉም ሰው የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። ለእንቁጣጣሽ ተብሎ በነሐሴና በጳጉሜ ይታጠባል፣ ፀሐይ የለም፣ ከሥሩ ሳይደርቅ ይነጠፋል፣ መስቀል ሳይደርስ ይሸታል። ለበዓሉ አራግፉት፣ ጥረጉት፣ ይበቃዋል። እጥበቱን ለጥቅምት አቆዩት። የመኪና እጥበት ቤት ከሰጣችሁት ደግሞ በረኪና እንዳይነካው አስቀድማችሁ ተናገሩ። ቀለሙ እንዳይለቅ ማዕዘኑን በራሰ ነጭ ጨርቅ ተጭናችሁ እዩት።

ስትመለሱ ቤቱን እንዴት ትዘጉታላችሁ? ብዙ ሰው ወለሉን በላስቲክ ይሸፍናል። ላስቲክ እርጥበት ያፍናል፤ እንጨት ላይ አቡጀዲ ወይም አሮጌ አንሶላ ይሻላል። ምንጣፉ ሳይታጠብ አይቀመጥ። ብል የሚወደው ላብና ፍርፋሪ የነካውን፣ በጨለማ ማንም የማይነካውን የበግ ፀጉር ነው። ሁለቱንም ፊት ፀሐይ መትቶት፣ ተጠቅልሎ እንጂ ሳይታጠፍ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ከወለል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ጠባቂው በየወሩ ፈትቶ ያናፍሰው፣ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ደግሞ ፀሐይ ሲወጣ መስኮቶቹን ይክፈት። ፎቶውን በቴሌግራም ይላክላችሁ። የሳሎኑን መሃል አይደለም፤ ማዕዘኖቹንና የመታጠቢያ ቤቱን ደጃፍ።

ቁንጫም አለ። ድመት ወይም ውሻ የገባበት ቤት ከተዘጋ የቁንጫው ሙሽሬ (ወደ ቁንጫ ሊለወጥ በሽፋኑ ውስጥ የተኛው) ምንጣፍ ውስጥ ወራት ተኝቶ ይቆያል። የእግር ንዝረትና የሰው ትንፋሽ ሲሰማው ይፈለፈላል። ዓመት ባዶ የከረመ ቤት የገባችሁ ቀን የሚበላችሁ በዚህ ነው። ከመምጣታችሁ ሳምንት ቀድሞ ሰው ይግባበት፣ በየቀኑ ይጥረግ፣ ምንጣፉ ውጭ ይራገፍ።

የተረፈውን ፓርኬ ለሠራተኞቹ ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ሦስት እሽግ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ መልክ መርካቶ ውስጥ ማግኘት ከባድ ነው። እሽጉ ላይ ያለውን የዓይነት ቁጥር ፎቶ አንሡና ለጠባቂውም ላኩለት።