በቻይናዋ ዉሃን ከተማ የጾም ቁርስ፦ ኑድል ቤት ምን ልዘዝ ላልከው

«ሬ ጋን ሚየን» እዘዝ፤ ሾርባ የሌለው ትኩስ ኑድል ነው። ለዉሃን ሰው ቁርስ ማለት እሱ ነው። የሚለወሰው በተፈጨ ሰሊጥ ስለሆነ ከኑድል ቤቱ ምግብ ሁሉ ለጾም የሚቀርበው ይሄ ነው።

ግን ሻጯን በዓይንህ ተከታተላት። ኑድሉን ከፈላ ውሃ አውጥታ ስታበቃ በጭልፋ ጠቆር ያለ መረቅ ጠብ ታደርግበታለች። «ሉ ሹዌይ» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ሥጋ የተቀቀለበት ነው። ጭልፋው ሳይነሳ «ቡ ያው ሉ ሹዌይ» በላት፤ አልፈልግም ማለት ነው። የአኩሪ አተር ሶሱ፣ የኮመጠጠው ፎሶሊያና ቃሪያው ይበቃሃል።

ሳህኑን እንደተቀበልክ ወዲያው ከስር እያነሳህ አማስለው። ሰሊጡ ከላይ ነው የሚደረገው፤ ከዘገየህ ኑድሉ ተያይዞ ድርቅ ይላል። በደንብ ሲለወስ ግን ሽታው ራሱ ቤት ሰሊጥ የሚቆላ ያስመስልሃል።

አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን «ቡ ያው ሮው»፣ ሥጋ አልፈልግም፣ ብቻ ነበር የምለው። የሾርባ ኑድል አዝዤ ሥጋውን ለቅመው በዚያው በሥጋው መረቅ አቀረቡልኝ። ግማሹን ከበላሁ በኋላ ነው የገባኝ። እነሱ ጋ ሥጋ ሲባል ቁራጩ ነው። ስለዚህ መረቁን ለይተህ ጥራው፤ በጾም ቀን ሾርባ ያለውን ኑድል ጭራሽ ተወው።