ወርቅ ሲያንስ ጸባዩ ለምን ይቀየራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ ወርቅ አይዝግም ከምንም ጋር አይዋሃድም ሲባል ነው የማውቀው፣ አሁን ደሞ የወርቅ ናኖፓርቲክል (በጣም ደቃቅ ቅንጣት) ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ የኬሚካል ለውጥ የሚያፋጥን) ይሆናል ሲሉ ሰማሁ፣ እንዴት ነው ነገሩ? ኤሌክትሮኒክስ ላይስ ይጠቅማል? ታናሽ ወንድማችሁ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጥሩ ጠየቅክ። የጣት ቀለበቱ ወርቅ እውነትም ዝም ያለ ነው፣ ግን ከ5 ናኖሜትር በታች ሲወርድ (1 ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ከአተሞቹ ብዙዎቹ ላይ ላዩን ይሆኑና በተለይ ጠርዝ ላይ ያሉት ጎረቤት ስለሚያንሳቸው ሌላ ሞለኪውል መያዝ ይቀላቸዋል። በ1987 እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ማሳታኬ ሃሩታና ባልደረቦቹ እንዲህ ያለ ወርቅ ኦክሳይድ (የብረታ ብረትና የኦክስጅን ውህድ) ላይ በትነው ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያንን የከሰል ጭስ ገዳይ ጋዝ፣ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀየሩት፣ ያውም ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ላይ! እኔን እስከዛሬ ይገርመኛል። ወርቁ ብቻውን እንዳይመስልህ፣ የተቀመጠበት ኦክሳይድም ያግዘዋል።

ኤሌክትሮኒክስ ላይ ከወርቅ ናኖፓርቲክል ይልቅ የበለጠ የሚሰራበት የብሩ ነው። ብር የሚቀልጠው 962 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ በናኖፓርቲክል የተሰራ የብር ቀለም ግን ከ200 ዲግሪ በታች እርስ በርሱ ተያይዞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ስለዚህ ሙቀት የሚችል ፕላስቲክ ላይ ሰርኪውት ማተም ተችሏል። የቲቪ ስክሪን ላይ ያሉት ኳንተም ዶቶችም (ብርሃን የሚሰጡ ደቃቅ የሴሚኮንዳክተር ክሪስታሎች) ናኖፓርቲክል ናቸው፣ የ2023ቱን የኬሚስትሪ ኖቤል ያስገኙት እነሱ ናቸው፣ መጠናቸው ሲቀያየር የሚያበሩት ቀለም ይቀያየራል፣ ትንሹ ወደ ሰማያዊ ትልቁ ወደ ቀይ።