ክፈቱትና እዩት

ጎንደር ሆናችሁ ኮምፒውተር የምትማሩ ልጆች፣ እስኪ ዛሬ ስለ ጌም እናውራ። ወላጆቻችሁ ጌም ጊዜ ይበላል ሲሉ ብዙም አልተሳሳቱም። ስልካችሁ ላይ ያሉት አብዛኞቹ በየደቂቃው ማስታወቂያ የሚያሳዩ፣ ሳንቲም ግዙ እያሉ የሚጨቀጭቁ ናቸው። እነሱን አጥፏቸው። የአሰሳ ጌም ግን ሌላ ነው። ሰፊ ዓለም ይሰጣችኋል፣ ወዴት ሂዱ የሚላችሁ የለም፣ ተራራውን የምትወጡት ከጀርባው ምን እንዳለ ለማየት ብቻ ነው። ፕሮግራመር መሆን ለሚፈልግ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ጠባይ አላውቅም።

በጣም የምወደውን ልንገራችሁ። በ1984 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ብሬበን እና ኢያን ቤል የተባሉ የካምብሪጅ ተማሪዎች ኤሊት የሚባል የጠፈር ጌም አወጡ። የተሠራበት ቢቢሲ ማይክሮ ኮምፒውተር ሜሞሪው 32 ኪሎባይት ነበር፤ ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እነሱ ግን 8 ጋላክሲ፣ በእያንዳንዱም 256 ፕላኔት አስገቡበት። እንዴት? ፕላኔቶቹን አንድ በአንድ አላስቀመጧቸውም። መነሻ ቁጥር ይዘው ስሙንም ቦታውንም ከዚያ በስሌት ያወጡታል፤ መነሻው እስካልተለወጠ ድረስ ሁሌም ያው ዓለም ይወጣል። አሁኑኑ በፓይተን ሞክሩት። ራንደም የሚለውን ሞጁል ጥሩ፣ ሲዱን፣ ማለትም መነሻ ቁጥሩን፣ 7 አድርጉ፣ ዐሥር ቁጥር አውጡ። ዘግታችሁ ድገሙት። ያው ዐሥር ቁጥር ነው የሚመጣው። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ኖ ማንስ ስካይ የሚባል የጠፈር ጌም ከ18 ኩዊንቲሊየን በላይ ፕላኔት ሊይዝ የቻለውም በዚሁ ዘዴ ነው። ስለዚህ "ላፕቶፔ ደካማ ነው" የምትሉኝን አልቀበላችሁም።

ስለ ካምፓኒዎች ያለኝ ሐሳብ ግልጽ ነው። ሥራቸውን አድንቁ፣ ከቀጠሯችሁም ሂዱና ሥሩ፣ ግን አትደገፉባቸው። ዩቢሶፍት ዘ ክሩ የሚባል፣ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በመኪና የሚያዞር ጌም ነበረው። በ2024 እ.ኤ.አ. ሰርቨሩን፣ ጌሙ በኢንተርኔት የሚገናኘውን የካምፓኒውን ኮምፒውተር፣ ዘጋው። ብቻችሁን ብትጫወቱ እንኳ ያለ ሰርቨር ስለማይነሳ፣ ከፍለው የገዙት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የኪራይ ቤት ማለት ነው፤ አከራዩ ውጡ ካለ መውጣት ነው። ብሌንደር የሚባለውን የ3ዲ ሥዕልና አኒሜሽን መሥሪያ ሶፍትዌር ደግሞ እዩት። ይሠራው የነበረው ካምፓኒ ሲዘጋ ፈጣሪው ቶን ሮዘንዳል በ2002 እ.ኤ.አ. ከተጠቃሚዎች 100,000 ዩሮ አሰባስቦ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረገው። ካምፓኒው የለም፣ ሶፍትዌሩ ግን ይኸው አለ፣ በነፃ ታወርዱታላችሁ።

እኛ ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ያየን ሰዎች ነን። "ሎግ ኢን ካላደረግህ አልከፈትም" የሚል ፕሮግራም ያን ጊዜ ምን ይረባል? አንድ ሶፍትዌር ላይ ሥራችሁን ከመጣላችሁ በፊት ዋይፋዩን አጥፉና ክፈቱት። ካልተከፈተ ሌላ ፈልጉ።

ለመጀመር ሉዋንቲ የሚባለውን፣ ቀድሞ ማይንቴስት ይባል የነበረውን፣ በብሎክ የሚገነባበት የአሰሳ ጌም አውርዱ። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሄዳል፣ ኢንተርኔት ባይኖርም በአንድ ራውተር ተገናኝታችሁ አብራችሁ ትጫወቱበታላችሁ። ዙሩበት፣ ቆፍሩ፣ ዋሻ ፈልጉ። ሲበቃችሁ የፋሲልን ግንብ ሥሩበት። ግድግዳው ቀላል ነው። ማዕዘኖቹ ላይ ያሉት ክብ ማማዎች ጋ ስትደርሱ ግን ትቸገራላችሁ፣ ጌሙ ያለው ባለ አራት ማዕዘን ብሎክ ነዋ። በእጅ አትደርድሩት፣ ሉዋ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ትንሽ ሞድ፣ ማለትም ጌሙ ላይ የሚጨመር ኮድ፣ ጻፉ። ከመሃሉ ወደ ጎን ያለውን ርቀት በራሱ አባዙ፣ ወደ ፊት ያለውንም እንደዚያው፣ ሁለቱን ደምሩ፤ ድምሩ ሬዲየሱ በራሱ ሲባዛ ከሚሰጠው ካልበለጠ እዚያ ቦታ ብሎክ ይቀመጥ። ይሄ ድፍን አምድ ይሰጣችኋል። ውስጡ ባዶ እንዲሆንና ሰው በደረጃ እንዲወጣበት ከፈለጋችሁ ሁለተኛ፣ አነስ ያለ ሬዲየስ ያስፈልጋል፤ እሱን እናንተ ጨርሱት።