የጨረቃው ግርግር የት ገባ? ቲቸር ይመልሳሉ

እሁድ ማታ በጅማው የሰማይ ወዳጆች ግሩፓችን የተደረገ ጥያቄና መልስ ነው። መላሹ ብዙዎቻችንን ፊዚክስ ያስተማሩን ቲቸር ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሳተላይት ምስል ማየት ሱስ ሆኖባቸዋል። የዕለቱ ጉዳይ፦ መንግሥታት ወደ ሕዋ ሰው ሲልኩ ድሮ ዓለም ቆሞ ያይ ነበር፤ ዛሬ ለምን ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ? ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የኪቶ ተማሪ፦ ቲቸር፣ ሕዝቡ ለሕዋ ምርምር የነበረው ፍቅር ለምን ቀዘቀዘ?

ቲቸር፦ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ። «ሕዝቡ» አትበሉኝ። የየት አገር ሕዝብ? በየትኛው ዓመት? የአሜሪካን ከሆነ ፍቅሩ የምታስቡትን ያህል አልነበረም። በ1960ዎቹ አስተያየት ሲጠየቅ ብዙው ሰው ለጨረቃ የሚወጣው ገንዘብ በዛ ይል ነበር። ለየት ያለው አፖሎ 11 ሰው ጨረቃ ላይ ያሳረፈበት የጁላይ 1969 ሰሞን ነው። ያኔም ቢሆን ሮኬቱ ሊተኮስ አንድ ቀን ሲቀረው የጥቁሮች መብት ታጋዩ ቄስ ራልፍ አበርናቲ ድሆችን አስከትሎ፣ በቅሎ የሚጎትተው ጋሪ ይዞ፣ እዚያው ድረስ ሄዶ ተቃውሟል። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ራሱ በ1962 የአሜሪካ የሕዋ ድርጅት ለሆነው ለናሳ ኃላፊ ለጄምስ ዌብ «ለሕዋ ያን ያህል ግድ የለኝም» ብሎታል። ድምፁ ተቀድቶ አለ። የፈለገው ሩስያን መቅደም ነው። የነሱ ሰው ጋጋሪን በ1961 ሕዋ ወጥቶ ቀድሟቸው ነበራ! ስለዚህ ነገሩ ግጥሚያ ነበር። ኳሱ ካለቀ በኋላ ስታዲየም ውስጥ ምን ትሠራለህ?

የአዌቱዋ፦ ገንዘቡስ?

ቲቸር፦ በ1966 ናሳ ከፌዴራሉ በጀት 4.4 በመቶ ገደማ ይወስድ ነበር። ዛሬ ግማሽ በመቶም አይሞላም። በዶላር አትቁጠሩ፣ በመቶኛ ቁጠሩ።

ባለባጃጁ፦ ስለ ስፔስ በአጠቃላይ ምን ያስባሉ?

ቲቸር፦ ሰፊ ነው።

የኪቶ ተማሪ፦ ሰው የሰለቸው መቼ ነው ታዲያ?

ቲቸር፦ የየት አገር ሰው? እሺ፣ ልለፍህ። አፖሎ 13ን እይ። ኤፕሪል 1970 ነው። የመጀመሪያው ማረፍ ገና ዓመት አልሞላውም። ጠፈርተኞቹ ከመንኮራኩሩ ሆነው ለቴሌቪዥን ፕሮግራም ሠሩ፤ ትልልቆቹ ጣቢያዎች በቀጥታ አላስተላለፉትም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የኦክስጅን ጋኑ ፈነዳ። ከዚያማ ዓለም ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ተተከለ። የተመለከተው ሳይንሱን እንዳይመስልህ። «ይተርፋሉ ወይስ አይተርፉም» የሚለውን ነው።

ሂርማታ፦ የጠፈር ማመላለሻዋስ ጊዜ? ቻሌንጀር?

ቲቸር፦ ከ1981 እስከ 2011 ድረስ 135 ጊዜ ተተኩሰዋል። እንደ አውቶቡስ ምልልስ ለመዱት። ከነሱ አንዷ ቻሌንጀር በ1986 ስትፈነዳ መምህርት ነበረችበት። እኔም ያኔ አስተማሪ ነበርኩ። ይሄን እንለፈው።

ባለባጃጁ፦ እኛ ቤንዚን ሰልፍ ላይ እናድራለን፣ እነሱ ሮኬት ያቃጥላሉ። መሰልቸት ያንሳቸዋል።

ሂርማታ፦ የኛም አገር ሳተላይት ልካ የለ እንዴ? በኛው 2012 ታህሳስ ላይ፣ ከቻይና።

ባለባጃጁ፦ ታዲያ ምን ጠቀመን?

ሂርማታ፦ አንተ ካርታ በስልክህ ከፍተህ አይደል ደንበኛ የምትፈልገው?

ባለባጃጁ፦ ጅማን በካርታ? ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምነዳት!

የአዌቱዋ፦ ለካ ለዛ ነው ባለፈው ቦይ ውስጥ የገባኸው።

ባለባጃጁ፦ መንገዱ ተቆፍሮ ነው! ማነው የነገረሽ?

ቲቸር፦ በቃ! የባጃጁን ክስ በግል ጨርሱ። የኛዋ ሳተላይት 72 ኪሎ ነበረች። ከወጪው አብዛኛውን የሸፈነችው ቻይና ናት። ሥራዋ መሬት ማየት ነበር፤ እርሻ፣ ደን፣ ውሃ። ቀጥሉ።

የኪቶ ተማሪ፦ ቲቸር፣ ሰው ሰለቸው ካሉ በ2023 ህንዶች ለምን ጨፈሩ?

ቲቸር፦ ጎበዝ። ግን ይሄ የኔን ነገር ነው የሚያስረዳው። የህንዷ መንኮራኩር ቻንድራያን 3 ከጨረቃ ደቡብ ዋልታ አጠገብ ያረፈችው ኦገስት 23 ነው። የሩስያዋ ሉና 25 ከቀናት በፊት እዚያው ጨረቃ ላይ ተከስክሳለች። ግጥሚያ አለ፣ ማሸነፍ አለ፣ ለአገሩም የመጀመሪያው ነው። ደስታው እንደ 1969ኙ ነው። አሥረኛዋን ሲያሳርፉ ደግሞ ጠይቀኝ።

ሂርማታ፦ አሁን እኮ የሮኬት ኩባንያ ያለው ኤሎን መስክ አለ። መንግሥት ለምን ይለፋል?

ቲቸር፦ ጨረቃ ላይ ለሚያርፈው መንኮራኩር በ2021 ወደ 2.9 ቢሊዮን ዶላር የፈረመለት ማን መሰለህ? መንግሥት ነው።

የአዌቱዋ፦ ኮከቤን ሊነግሩኝ ይችላሉ?

ቲቸር፦ አልችልም።

የጌራ ልጅ፦ ቲቸር ይቅርታ፣ ርዕሱ ላይሆን ይችላል። ቡና ነጋዴው የማሳህን ነጥብ፣ የጂፒኤስ ቁጥሩን፣ አምጣ እያለ አስጨነቀኝ። ከሕዋ ጋር ይገናኛል አሉኝ።

ቲቸር፦ ልጄ፣ ከማታ ጀምሮ የጠበቅኩት ጥያቄ ይሄ ነው! 1972ን ያዙልኝ። በጁላይ አሜሪካ ላንድሳት የምትባለውን የመጀመሪያዋን መሬት ቃኚ ላከች። በዲሴምበር አፖሎ 17 ከጨረቃ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ እዚያ የረገጠ ሰው የለም። ሰው የሚያወራው ስለ ሁለተኛው ነው። ጌራ ድረስ የመጣችው ግን የመጀመሪያዋ ናት። ምስሎቿ ከ2008 ጀምሮ ነፃ ናቸው። አውሮፓውያን ደግሞ ሴንቲኔል 2 አላቸው፤ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ መሬት ለይታ ታያለች።

ነጋዴህ የሚጨነቀው የአውሮፓ ኅብረት ከዲሴምበር 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና አላስገባም የሚል ሕግ ስላወጣ ነው፤ ስለዚህ ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ማሳየት አለበት። የሚጀምርበትን ቀን ይገፉታል እንጂ ሕጉ አለ። አሁን ችግሩን ስማ። የኛ ቡና ዋንዛ ሥር ነው የሚበቅለው። ከላይ ለሚያይ ጫካ ይመስላል። አንተ ጥላውን ስታሳሳ፣ ሩቅ ያለ ኮምፒውተር ደን ተመነጠረ ሊል ይችላል። ክረምት ላይ ደግሞ ደመናችንን ታውቁታላችሁ። ያኔ የምትሠራው ራዳር ያላት ሴንቲኔል 1 ናት፤ ደመናውን አልፋ ታያለች። ይሄን ሁሉ የሚከፍሉት መንግሥታት ናቸው። ማን ጨፈረላቸው? ቧንቧ ውሃ ሲያመጣ የሚያጨበጭብ የለም። እኛ ሰፈር እናጨበጭባለን፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ባለባጃጁ፦ ቲቸር፣ ሕዝቡ ግን ለምን ቀዘቀዘ?

ቲቸር፦ አንተ ልጅ ከላይ አንብብ። የየት አገር ሕዝብ?

የጌራ ልጅ፦ ነጥቡን ታዲያ እንዴት ላንሳ?

ቲቸር፦ ማሳህ ስንት ነው?

የጌራ ልጅ፦ ሁለት ሄክታር አይሞላም።

ቲቸር፦ ከ4 ሄክታር በታች ከሆነ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ዙሪያውን መዞር የለብህም። ስልክህን ይዘህ መሐል ግባ። ዛፉ ሳሳ ያለበት ቦታ ቁም፣ ጥላው ምልክቱን ያዛባዋል። ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቅ። ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ጻፍ፤ ሁለት ብቻ ከጻፍክ ጎረቤትህ ማሳ ልትገባ ትችላለህ።

የጌራ ልጅ፦ ጎረቤቴ ጋር በድንበር ተጣልተናል እኮ።

ቲቸር፦ እንግዲያው ስድስቱንም ሁለት ጊዜ አረጋግጥ።