ሰው የጣለውን ለምታነሱ ልጆቼ

ይድረስ በየሜዳው ገበያ ሸራ ላይ ጎንበስ ብላችሁ አሮጌ ዕቃ ለምትፈልጉ ልጆቼ። እንደምን ሰነበታችሁ?

እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰዓት ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ብዙዎቻችሁን የማውቃችሁ በዚሁ ሥራዬ ነው። ከውራጅ ገበያ የገዛችሁትን ሰዓት በመዳፋችሁ ጨብጣችሁ ትመጣላችሁ። ፊታችሁ በደስታ ያበራል። እኔ ክዳኑን እከፍታለሁ። አንዳንዴ የማየውን ስነግራችሁ ዝም ትላላችሁ፤ አመስግናችሁኝ ትወጣላችሁ። ያን ቀን እኔም ሥራ አይያዝልኝም። ይህን የምጽፈው ከገዛችሁ በኋላ የምነግራችሁን ነገር ከመግዛታችሁ በፊት እንድትሰሙት ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ዕቃዎቹም ላይ የምታገኙት እሱን ነውና።

መጀመሪያ ዕቃው እዚያ ሸራ ላይ እንዴት እንደደረሰ አስቡ። አንድ ቀን አንድ ሰው ከእንግዲህ አያስፈልገኝም ብሎታል። በ1969 የጃፓኑ ሴይኮ «አስትሮን» የተባለውን የመጀመሪያ የኳርትዝ፣ ማለትም መሞላት የማያስፈልገው ባለ ባትሪ፣ የእጅ ሰዓት ለገበያ አወጣ። ኳርትዝ እየረከሰ ሲሄድ፣ ጠዋት ጠዋት በጣት የሚሞላው ሰዓት ወደ መሳቢያ ገባ። ረጅም የሚጫወተው የሙዚቃ ሸክላ በ1948 ወጥቶ ነበር፤ በ1982 ሲዲ መጣና ሸክላውን ወደ ካርቶን አወረደው። የፊልም ካሜራውን ደግሞ ዲጂታሉ ቁም ሣጥን አናት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ባለቤቱ ያርፋል፣ ወይም ቤት ይቀይራል፣ መሳቢያውም ካርቶኑም ይገለበጣል። ስለዚህ ዛሬ ሁሉም የሚሻማበትን ከማሳደድ፣ ዛሬ ሰው እየናቀው ያለውን ብታዩ ይሻላል። እኔ በወጣትነቴ በእጅ የሚሞላ ሰዓት በኪሎ ሊሸጥ ምንም አልቀረውም ነበር።

አንድ ነገር ምረጡ። ሰዓት ከሆነ ሰዓት፣ ሸክላ ከሆነ ሸክላ፣ የጽሕፈት መኪና ከሆነ የጽሕፈት መኪና። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ወራት ምንም ሳትገዙ ብቻ ተመላለሱ። አንሱ፣ ገልብጡ፣ መዝኑ፣ መልሱ። ከመንካታችሁ በፊት ግን ባለቤቱን አስፈቅዱ። እጅ ይማራል። መቶ እውነተኛ ዕቃ የያዘ እጅ፣ መቶ አንደኛው ፎርጅድ ሲሆን ዓይን ሳይነግረው ያውቃል። ክብደቱ ይጎድላል፣ ወይም ጠርዙ ይሻክራል፣ ወይም ወዙ ሌላ ይሆናል።

ሰዓት የምትገዙ ከሆነ ፊቱን በመጨረሻ እዩት። ሁሉም የሚያየው ፊቱን ነው፤ አስመስሎ የሚሠራውም የሚለፋው ለሱ ነው። ማሰሪያው የሚገባባቸውን አራቱን ጆሮዎች እዩ። ዓመታት የለበሱት ሰዓት ጆሮው በልብስ ተፍቆ ይሟልላል፣ ሹልነቱ ይጠፋል። ጆሮው እንዲህ አልቆ ፊቱ ግን ዛሬ ከሳጥን የወጣ ከመሰለ፣ ፊቱ እንደገና ተቀብቷል ማለት ነው። ያኔ አጉሊ መነጽር አውጡ። የፋብሪካው ፊደል ቀጭንና እኩል ነው። እንደገና የተቀባው ብዙውን ጊዜ ይወፍራል፤ በፊደሎቹ መካከል ያለው ክፍተትም ይዛባል። በጨለማ የሚያበራውን ቀለምም አስተያዩ። በቁጥሮቹ ላይ ያለው ቡናማ ሆኖ በቆጣሪዎቹ ላይ ያለው ነጭ ከሆነ፣ አንዱ ከሌላ ቦታ መጥቷል። ከዚያ መሙያውን በቀስታ አዙሩ፣ ቆጣሪዎቹን አንቀሳቅሱ፣ ሰዓቱን ወደ ጆሯችሁ አስጠጉ። አልዞር ያለ መሙያ ላይ ጉልበት አታሳርፉ። ዕቃው ገና የእናንተ አይደለም።

ስለዚሁ ቀለም አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ እስከ 1960ዎቹ ድረስ በጨለማ የሚያበሩ ብዙ ሰዓቶች የተቀቡት ጎጂ ጨረር በሚያወጣው ራዲየም ነው። ዛሬ አብዛኞቹ በጨለማ አያበሩም፤ ያ ግን ሊያታልላችሁ አይገባም። የደከመው አብሮት የተቀላቀለው አብሪ ንጥረ ነገር ነው። የራዲየሙ ጨረር በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን ሰዓት ራሳችሁ ከፍታችሁ አትፋቁ። ብናኙ ወደ ሳንባ ከገባ መመለሻ የለውም። ሕፃናት ከሚጫወቱበትና ከምትተኙበት ክፍልም አርቁት። ፊቱ ላይ «6» ቁጥር አካባቢ «ቲ» (T) የምትል ትንሽ የላቲን ፊደል ካለች ግን ቀለሙ ትሪቲየም ነው፤ የእሱ ጨረር በጣም ደካማ ነው።

ሌላውን ዕቃም እንዲሁ ሠሪው ሰው ያየዋል ብሎ ባላሰበበት ቦታ ፈልጉት። አንድ ነጋዴ የመቶ ሃምሳ ዓመት ሣጥን ነው ብሎ ቢያቀርብላችሁ ገልብጡና ብሎኖቹን እዩ። ባለ መስቀሉ የፊሊፕስ ብሎን ከ1930ዎቹ በፊት ገበያ ላይ አልነበረም። እሱን ካያችሁ ሣጥኑ ወይ ታድሷል፣ ወይ ዕድሜው ተጋኖላችኋል። ሁለቱ አንድ አይደሉምና ጠይቁ። የሳህንና የስኒ ሥርም ብዙ ይናገራል። አሜሪካ ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሯ የሚገባ ዕቃ የተሠራበትን አገር ስም እንዲይዝ በሕግ አስገድዳለች። ስለዚህ የአገር ስም በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ሳህን ወይም ስኒ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚል ካገኛችሁ ደግሞ ዘመኑ ይበልጥ ይጠብባል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እስከ 1952 ባለው ጊዜ ነው።

ዕቃው ላይ የተጻፈ ዓመት ግን ብቻውን አይበቃም። የማሪያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ውሰዱ። አብዛኞቹ ላይ 1780 ይላል፤ ንግሥቲቱ ያረፉበት ዓመት ነው። ብሩ ግን ከዚያ በኋላም ከአንድ መቶ ዓመት በላይ፣ በተለያዩ አገሮች ማተሚያዎች፣ ያንኑ 1780 እንደያዘ ሲታተም ኖሯል። አንዳንዱ ከአያታችሁ ዕድሜ አይበልጥም። እውነተኛው ከሺህ 833 እጅ ብር ሲሆን 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ትንሽ ሚዛን በኪስ መያዝ አያሳፍርም። ማግኔትም ያዙ። ብርም ወርቅም በማግኔት አይሳብም። ነሐስና አሉሚኒየምም ስለማይሳቡ ማግኔቱ ውሸቱን ያጋልጣል እንጂ እውነቱን አያረጋግጥም።

ካሜራ የምትወዱ ደግሞ በሌንሱ ውስጥ ባትሪ አብሩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ካያችሁ ሻጋታ ነውና ከሌሎች ሌንሶቻችሁ ጋር አታስቀምጡት።

አሁን ብዙ ጊዜ የሚያሳዝነኝን ነገር ልንገራችሁ። ገና ሙያውን እየተማርኩ ሳለ አንድ የኪስ ሰዓት ገዛሁ። ፊቱ በአቧራና በጭስ ቢጫ ሆኗል። ሥሩ ግን ሰማያዊ ቁጥሮቹ ይታዩኛል። ማታ ቤት ገብቼ፣ መስታወቱን አንስቼ፣ በውሃ ባራስኩት ጨርቅ በቀስታ ዳበስኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጨርቁን ሳነሳው ሦስት ቁጥሮችና የሠሪው ስም ጨርቁ ላይ ነበሩ። እንዳሉ፣ በግልባጭ። ያን ጨርቅ ይዤ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ከእኔ በፊት ብዙ እጅ ያለፈበትና ደህና የቆየ ነገር በአንድ ደቂቃ እጄ ላይ ጠፋ። ሙያውን ሳላውቅ እጄን አስቀደምኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይሄ ግን ተመልሶ አይለቀምም።

ስለዚህ ዕቃ ስታገኙ ለማጽዳት አትጣደፉ። የሳንቲም ጥቁረት፣ የነሐስ አረንጓዴነት፣ የእንጨት ወዝ የዕድሜው አካል ናቸው። የተፈተገ ሳንቲም ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወድቃል። እርጥበት፣ ትኩስ ዝገትና ሻጋታ ካለ አዎ፣ ያ ሕመም ነውና የሚያውቅ ሰው ያክመው። ከዚያ ውጭ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠረግ አድርጋችሁ ተዉት።

ሳይጣደፉ ማየት ምን እንደሚያተርፍ ልንገራችሁ። በአሜሪካ አንድ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አንዲት ትንሽ የወርቅ እንቁላል ወደ 14,000 ዶላር አውጥቶ ገዛ። ሐሳቡ ለወርቋ አቅልጦ ለሚሸጥ ሰው ማስተላለፍ ነበር። ያሳያቸው ሁሉ ያን ያህል አታወጣም አሉት፤ ቤቱ ቀረች። እንቁላሏ ውስጥ ሰዓት ነበረች። በ2012 ሰዓቷ ላይ ያለውን «ቫሼሮን ኮንስታንቲን» የሚለውን የስዊስ ሰዓት ሠሪ ስም ኢንተርኔት ላይ ፈለገ። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት አሌክሳንደር 3ኛ በ1887 ለባለቤታቸው የሰጧት፣ ጠፋች የተባለች፣ የጌጣጌጥ ሠሪው የፋበርዤ የፋሲካ እንቁላል ሆና ተገኘች። ይህን የምነግራችሁ ሀብት ታገኛላችሁ ብዬ አይደለም፤ እንዲህ ያለው በብዙ ትውልድ አንዴ ነው የሚያጋጥመው። እኔን የሚገርመኝ ስሙ እዚያው ሰዓቷ ላይ ተጽፎ መኖሩ ነው። ለብዙ ዓመት በብዙ እጅ አልፋለች፤ እሱ ግን ስሙን ይዞ ፈለገ።

ከሻጩ ጋር ስትነጋገሩ ዕቃውን አታጣጥሉ። ዋጋ ለማስቀነስ ብሎ የሰውን ዕቃ መናቅ ነውር ነው፤ ሻጩም ወዲያው ይነቃል። ጉድለቱን በጨዋ ደንብ አሳዩትና «የመጨረሻውን ንገሩኝ» በሉ። ካልተስማማችሁ አመስግናችሁ ሂዱ። የሚነግራችሁን ታሪክ በአክብሮት ስሙ፣ ለታሪኩ ግን አትክፈሉ። የጄኔራል ሰዓት ነበር ከተባለ ማስረጃ ይኑረው።

ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። ሻጩ የማያውቀውን ውድ ዕቃ በርካሽ ብናገኝስ? ነጋዴ ከሆነ እውቀታችሁ የድካማችሁ ዋጋ ነው፤ እሱም ሥራው ነው። የእናት አባቷን ቤት ባዶ እያደረገች ያለች፣ የምትሸጠውን የማታውቅ ሐዘንተኛ ከሆነች ግን ንገሯት። ብዙዎች በዚህ አይስማሙኝም። እኔ ግን ሳልናገር የገዛሁትን ሰዓት በእጄ አስሬ መሄድ አልችልም።

ከየት መጣ ብሎ መጠየቅም ልመዱ። አንዲት ሴት ከአሜሪካ የውራጅ ገበያ በ7 ዶላር ገዛሁት ያለችው ትንሽ ሥዕል የፈረንሳዊው ሠዓሊ የሬኗር ሆኖ ተገኘ። ቆይቶ ሲጣራ ከባልቲሞር የሥነ ጥበብ ሙዚየም በ1951 የተሰረቀ ነበር። በ2014 ፍርድ ቤት ለሙዚየሙ እንዲመለስ ወሰነ። የተሰረቀ ዕቃ በገበያ ስላለፈ ብቻ በብዙ አገር የገዢው አይሆንም። የቤተ እምነት ንዋየ ቅድሳት፣ የብራና መጽሐፍ፣ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ነገር ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ዩኔስኮ ሕገ ወጥ የቅርስ ዝውውርን የሚከለክለውን ስምምነት ያጸደቀው በ1970 ነው፤ ብዙ አገሮችም ተቀብለውታል። የዝሆን ጥርስም ያረጀ ነው ተብሎ ብቻ አይገዛም። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ድንበር ላይ የሚወረስ ዕቃ ብዙ ነው።

ስትገዙ ትንሽ ወረቀት ላይ ጻፉ። መቼ፣ የትኛው ገበያ፣ ሻጩ ምን አለ። ወረቀቱን ከዕቃው ጋር አስቀምጡት። ይህን ያስተማሩኝ ከእኔ በፊት የነበሩ ጠጋኞች ናቸው። የድሮ ሰዓት ክዳን ስትከፍቱ ውስጠኛው ገጽ ላይ በመርፌ የተጫሩ ጥቃቅን ፊደላትና ቁጥሮች ታገኛላችሁ። የጠገነው ሰው ምልክቱን፣ አንዳንዴም ዓመቱን ጭሮ ነው የሚዘጋው።

በቅርቡ አንዲት ወጣት ከሜዳ ገበያ የገዛችውን ሰዓት አመጣችልኝ። ከውጭ ሲታይ ተራ ሰዓት ነው፤ ማንም አይቶ የሚያልፈው። ክዳኑን ከፈትኩና አጉሊ መነጽሩን ሰጠኋት። አምስት የተለያየ እጅ ጽሑፍ ቆጠረች። የመጀመሪያው 1938 ይላል። ከዚያ 1946፣ ከዚያ 1951። ሁለቱ ዓመት የላቸውም። አምስት ሰዎች በየዘመናቸው ይህን ሰዓት ከፍተው፣ ዘይቱን ለውጠው፣ መልሰው ዘግተውታል። ብዙ ዝም አለችና «እርስዎስ አይጽፉም?» አለችኝ። ዛሬ መጫር አይመከርም። በቀጭን የቀለም ብዕር ምልክቴንና ዓመቱን ከአምስቱ ሥር ጻፍኩ፣ እስኪደርቅ ጠበቅን፣ ክዳኑን ዘጋሁት።