ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የልጄን ሕመም ለስልኬ ብነግረውስ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ለንደን የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ወር የአራት ዓመቱ ልጄ ቺክንፖክስ ወጥቶበት ነበር። ሌሊት ትኩሳቱ ሲብስብኝ ኢዛቤል የሚባለውን የሕመም ምልክት መጠየቂያ ስልኬ ላይ ከፍቼ ያየሁበትን ሁሉ ጻፍኩ። ረጅም የበሽታ ዝርዝር አወጣልኝ፤ ስማቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው አስፈሪ በሽታዎችም ነበሩበት። በማግሥቱ ጂፒያችን (የቤተሰብ ሐኪማችን) ጋ ወሰድኩት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ድኗል። ባለቤቴ ግን «ማሽን የነገረሽን ለሐኪም አታንብቢ፣ ይቀየሙሻል» ይለኛል። ለመሆኑ ይህን ነገር ማን ሠራው? ይታመናል?
እናት፣ ከለንደን

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ልጅዎን ማረልዎ። ኢዛቤል ሰው ናት። እዚያው እርስዎ በሚኖሩበት አገር ያደገች ልጅ ናት፤ ታሪኳም የሚጀምረው ልጅዎን በያዘው በሽታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 ኢዛቤል ሞድ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ጉድፍ (እርስዎ ቺክንፖክስ ያሉት) ወጣባት። ወላጆቿ ሐኪም ጋ ቢወስዷትም የተነገራቸው ጉድፍ እንደሆነና እንደሚያልፍ ነበር። ጉድፍ መሆኑስ እውነት ነው። ነገር ግን ባክቴሪያ ገብቶ ከቆዳዋ በታች ያለውን ሥጋ እየገደለው ነበር፤ ሐኪሞች ኔክሮታይዚንግ ፋሺአይቲስ ይሉታል። የባክቴሪያው መርዝ መላ ሰውነትን የሚያናጋበት ቶክሲክ ሾክ ሲንድረምም ተጨመረበት። ፓዲንግተን ባለው የሴንት ሜሪስ ሆስፒታል የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስትገባ ሞት አፋፍ ላይ ነበረች። ተረፈች፤ ግን ብዙ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓታል።

አባቷ ጄሰን ሞድ በለንደን የፋይናንስ መንደር የኢንቨስትመንት ባለሙያ ነበር። ሥራውን ለቀቀና ከዚያው ክፍል ስፔሻሊስት ከዶክተር ጆሴፍ ብሪቶ ጋር ሆኖ በልጁ ስም የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። ልጅ ለሚያክሙ ሐኪሞች የሚያገለግል፣ ምልክቶቹ ሲጻፉለት ሊሆኑ የሚችሉትን በሽታዎች የሚዘረዝር ሶፍትዌር ሠሩ። ቆይቶም የአዋቂ በሽታዎች ተጨመሩ። የበጎ አድራጎቱ ሥራ ሆስፒታሎች እየከፈሉ የሚጠቀሙበት ኩባንያ ሆነ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ እኔ አይለኝም። የሕክምና ዕውቀት በየጊዜው ይታደሳል፤ የሚያድሰው ሰው ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ገደማ ለሕመምተኞችና ለወላጆች የተዘጋጀው ወጣ፤ እርስዎ ሌሊት የከፈቱት እሱን ነው።

እዚህ ላይ እንደ ሕፃናት ሐኪም አንድ ነገር ልንገርዎ። ኢዛቤልን ያዩት ሐኪሞች ትክክለኛ መልስ አግኝተው ነበር፤ ችግሩ እዚያው ላይ ማቆማቸው ነው። በሥራዬ የሚያስፈራኝ ስሕተት ይህኛው ነው። በልምምድ ዘመናችን አንድ መምህራችን የሕመምተኛውን ታሪክ ተናግረን ዳያግኖሲሱን (የበሽታውን ማንነት) ስንጠራ፣ ትክክል ብንሆን እንኳ፣ «እሺ፣ ዲፈረንሻሉስ?» ይሉን ነበር። ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል ማለታቸው ነው። የኢዛቤል ሶፍትዌር ሥራው ይህን ጥያቄ መጠየቅ ነው። ፍርድ አይሰጥም፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ አስፈሪ ስም ማየትዎ ልጅዎ ያ በሽታ አለበት ማለት አይደለም።

ይታመናል ወይ ላሉት፣ አሜሪካዊው ዶክተር ማርክ ግሬበርና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት አለ። በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት የወጡ 50 አስቸጋሪ የሕመም ታሪኮችን ሰጡት። ዋና ዋናዎቹ ምልክቶች ተመርጠው ሲጻፉለት በ48ቱ ላይ ትክክለኛው በሽታ ዝርዝሩ ውስጥ ተገኘ። ታሪኩ ሳይመረጥ እንዳለ ሲገለበጥለት ግን ወደ 37 ወረደ። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። «ዝርዝሩ ውስጥ ተገኘ» ማለት አንደኛ ሆኖ ወጣ ማለት አይደለም፤ እስከ ሠላሳ በሽታ ይደረደራል። ምልክቶቹን የመረጡትም ጥናቱን የሠሩት ናቸው፤ የታማሚ ወላጅ አይደለም። ስለዚህ ያዩትን ሁሉ አይጻፉለት። ከሁሉ የከበደዎትን ሦስት አራት ምልክት ይምረጡ፤ ዕድሜውንና የሄደበትን አገር አይርሱ። በተለይ ክረምቱን አገር ቤት ከርማችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ልጁ ካተኮሰው ይህን ለሐኪሙም ይንገሩ፤ ወባ ለንደን ውስጥ ቶሎ ትዝ የሚል በሽታ አይደለም።

ባለቤትዎ ስለ መቀየም ያነሱት አነጋገሩን በማስተካከል ይፈታል። «ስልኬ ይህ በሽታ ነው አለኝ» ከማለት፣ «ትኩሳቱ በርዶ ነበር፣ በአምስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ፣ እግሩን ስነካው ይጮኻል፤ ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» ይበሉ። ይህን የሚቀየም ሐኪም ካጋጠመዎ ሌላ ሐኪም ይፈልጉ።

ጉድፍ ላይ ደግሞ ስልክ የማያስፈልጋቸው ምልክቶች አሉ። ቁስሉ ዙሪያ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ሕመሙ ከሚታየው ቁስል በላይ ከበረታ፣ ልጁ እጁን ወይም እግሩን ማንቀሳቀስ እምቢ ካለ፣ በዚያው ቀን ይታይ። በእኛ ልጆች ቆዳ ላይ መቅላቱ በደንብ ላይታይ ስለሚችል በእጅዎ ዳስሰው ሙቀቱን ይለዩ። ከፈዘዘ፣ ለመንቃት ካስቸገረ፣ ወይም አተነፋፈሱ ከፈጠነ 999 ይደውሉ። ኢቡፕሮፌን ደግሞ ሐኪም ካላዘዘ በጉድፍ ጊዜ አይስጡት፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አዲስ አበባ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር በአማርኛ መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?
ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከአንተ በፊት የሞከሩትን ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ፒትስበርግ ውስጥ ኢንተርኒስት የሚባል ፕሮግራም ተሠርቶ ነበር። ዶክተር ጃክ ማየርስ የተባሉ ስመ ጥር የውስጥ ደዌ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ስለ እያንዳንዱ በሽታ የሚያውቁትን ምልክት በቁጥር እየመዘኑ አስገቡለት። ጎበዝ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ሕመምተኛ ለመጠየቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ተራ የሚጠብቅ ሰው ያለበት ሐኪም ያን ጊዜ ከየት ያመጣል? ኢዛቤልን የሠሩት ሌላ መንገድ ያዙ፤ ሶፍትዌሩ የሕክምና መጻሕፍትን ጽሑፍ ራሱ እንዲያነብ አደረጉት፤ ሐኪሙም ምልክቱን በራሱ ቃል መጻፍ ቻለ።

የአማርኛው ሥራ የሚከብደው እዚያ ላይ ነው። መጻሕፍታችን በእንግሊዝኛ ናቸው፤ እናት ደግሞ «ልጄን ምች መታው»፣ «ሆዱን ይቆርጠዋል»፣ «ሲያቃስት አደረ» ብላ ነው የምትመጣው። ኮድ ከመጻፍህ በፊት ፈቃድ ጠይቀህ የአንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል ውስጥ ካርድ ከሚጽፉት ነርሶች አጠገብ ተቀመጥ። የማንንም ስም ሳትይዝ፣ እናቶች ሲገቡ የሚናገሩትን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር እንዳለ መዝግብ፤ ከጎኑም ሐኪሙ መጨረሻ ላይ የደረሰበትን ጻፍ። ደብተሩ ሲሞላ ለዚህ ዓምድ ጻፍልኝ፤ አብረን እናየዋለን።